በእህል መጋዘን ውስጥ የተዘረጋው ሐዲድ

የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ ያየሁት በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም በሸዋ ሮቢት፣ በገበሬ ማኅበራችን የእህል መጋዘን ውስጥ፣ ግድግዳ ላይ በተወጠረ ነጭ አቡጀዲ ላይ። አገሩ አሜሪካ ነው። ሐዲዱን የሚዘረጉት ሰዎች ሲበሉም ሲጣሉም ባርኔጣቸውን አያወልቁም። ፊልሙን እስከ መጨረሻው አላየሁትም፤ ያን ቀን መጋዘኑን ከሞላነው ሰዎች መካከል መጨረሻውን ያየ አንድም የለም። ለምን እንዳላየነው ልንገራችሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ያን ጊዜ እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት የሚያስገቡበት ዕድሜ ላይ ሆኜ አሥረኛ ክፍል እማራለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲያ መማር ማቆም አቃተኝ። አብረውኝ የሚማሩት ልጆች “እትዬ ፋጡማ” እያሉ ደብተሬን ይዋሱኛል። ከኋላ ወንበር እቀመጣለሁ፤ ብዙ አልናገርም። መምህር ሲጠይቅ መልሱን ባውቀው እንኳ ውስጤ ሦስት አራት ጊዜ ሳላገላብጠው እጄን አላወጣም። ያልገባኝን ገባኝ ማለት ከልጅነቴ ጀምሮ ያስጨንቀኛል።

ያሳደገኝ ታላቅ ወንድሜ ይማም ነው። እናትና አባታችን ቶሎ ስለሞቱ እናትም አባትም እሱ ሆነ። መሠረተ ትምህርት የታወጀ ጊዜ እጄን ይዞ የወሰደኝ እሱ ነው። ጎረቤቱ “ሰው እህቱን ይድራል፣ አንተ ፊደል ታስቆጥራለህ” ሲለው፣ “ባል የትም አይሄድም፤ ይሄ ትምህርት ግን ነገ ሊዘጋ ይችላል” ይል ነበር። እሱ ራሱ ፊደል አልቆጠረም። ማታ ማታ ሳነብ ግን ከጎኔ ተቀምጦ፣ “ጮክ በይ እስኪ፣ እኔም ልስማው” ይለኛል።

በዚህ ወንድሜ ላይ ደም ነበረበት።

ነገሩ የውሃ ነው። የሮቢትን ወንዝ ጠልፈው ሽንኩርትና ማሾ የሚያለሙ ገበሬዎች በተራ ነው የሚያጠጡት። አንዱ ተራው ሲያልቅ ቦዩን ይደፍንና ውሃው ወደ ባልንጀራው ይዞራል። አንድ የበጋ ማለዳ በይማምና በማሳ ጎረቤቱ በአሊ መካከል ቦዩ ላይ ጠብ ተነሣ። ይማም በያዘው አካፋ እጀታ መታው፤ አሊ ወደቀ፤ የወደቀበት ድንጋይ ላይ ቀረ። ፍርድ ቤቱ ሆን ብሎ አልገደለም ብሎ ይማምን አሰረው። እስራቱን ጨርሶ ወጣ። መንግሥት መዝገቡን ዘጋ።

በእኛ በይፋት ግን መዝገብ ሲዘጋ ደም አይዘጋም። ዕርቅ ካልወረደ የገዳይና የሟች ወገን ከአንድ ወንዝ አይቀዱም፣ በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር አይቀመጡም፣ በአንድ ጣሪያ ሥር አይገቡም። ተገናኙ ማለት ሌላ ሞት ነው። የአሊ ታናሽ ወንድም ሁሴን ነበር፤ ደሙን የመመለስ ዕዳው በእሱ ላይ ወደቀ። ይማም ከእስር ከወጣ ጀምሮ ገበያ አይወጣም። ማሳው የሚሄደው ጎህ ሳይቀድ፣ በቁልቋሉ ጀርባ ዞሮ ነው።

ከሞቱ ሌላ ሁሴንን የሚያንገበግበው አንድ ነገር አለ። ይማም ፍርድ ቤት ቀርቦ “ተራው የኔ ነበር፤ ውሃዬን ሊወስድብኝ መጣ” ብሏል። ከዚያ ወዲያ አሊ በአገሩ ሁሉ የውሃ ሌባ ተባለ። በእኛ አገር በሬ ከሰረቀ ይልቅ ውሃ የሰረቀ ነው የሚጠላው። ሼህ ሙሄ ለዕርቅ ሰው ሲልኩበት ሁሴን እንዲህ ብሎ መለሰ፤ “ወንድሜን ቀብሬዋለሁ። ሌባ መባሉን ግን የት ወስጄ ልቅበረው?”

ሼህ ሙሄ አበጋራችን ናቸው። አበጋር ማለት ደም የሚያደርቅ፣ የተቋሰለ የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው፤ ሹመት አይደለም፣ ከአባት ከአያት የሚወርድ ነው። በዚያ ዘመን “አድኃሪ ልማድ ነው፣ ፍርድ ሸንጎ እያለ” ተብሎ እንዳይሰበስቡ ተከልክለው ነበር። ስለዚህ ቤታቸው ተቀምጠው ዱዓ ያደርጋሉ፤ የጠየቃቸውን ይመክራሉ።

ፊልም የሚያሳየው ላንድሮቨር የመጣው በዚህ መሐል ነው።

ላንድሮቨሩ ለእኛ አዲስ አልነበረም። ከዚያ በፊት ስለ ወባ ትንኝ፣ ስለ እርከን፣ ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ አሳይቶናል። ፊልም ማለት ትምህርት ነው። አንድ ነገር ያልገባው ሰው እጁን ያወጣል፣ ሰውዬው ማሽኑን ያቆምና ያስረዳል፣ ክርክርም ካለ ይከራከሩና ይቀጥላል። የቤት አባወራ ሁሉ መገኘት ግዴታው ነው። የቀረ ይጠየቃል።

የዚያን ዕለት የፊልሙ ሰውዬ የሚያስተረጉምለት ባልደረባው ካራቆሬ ላይ ወባ ጥሎት ቀርቷል። ርዕሰ መምህራችን ክፍላችን ድረስ ይዞት መጣና ወደ ኋላ ወንበር አመለከተው።

“ፋጡማ ትሞክርልሃለች” አለ።

“ጋሼ፣ እኔ የመጽሐፉን እንግሊዝኛ ነው የማውቀው” አልኩ።

“ፊልሙስ ከመጽሐፍ በምን ይለያል?” አለኝ ሰውዬው። “የገባሽን ትነግሪያቸዋለሽ። ያልገባሽን አንቺው ታሟይዋለሽ።”

“አላሟላም” አልኩ። “ያልሰማሁትን አልሰማሁም እላለሁ።”

ሳቀ። “በይ እንደ ፍጥርጥርሽ።”

ምሳ ሰዓት ላይ ቤት ስገባ ይማም ወሬውን ሰምቶት ቆየኝ።

“በነጭ አፍ ልትናገሪ ነው አሉ፣ በሕዝብ ፊት” አለኝ።

“ጋሼ፣ እንዳትመጣ። አመመው እላለሁ። ሁሴን እዚያ ነው።”

“ግዴታ ነው እኮ።”

“ሊቀመንበሩን እኔ አናግረዋለሁ።”

“ፊልሙን ብዬ አይደለም፣ ፋጤ። አንቺን ልሰማሽ ነው” አለኝ። ከዚያ ወዲያ ምንም ብለው ሐሳቡን አልቀየረም።

መጋዘኑ መስኮት መስኮቱ በጆንያ ተደፍኖ፣ ቀኑ እኩለ ሌሊት መስሎ ጠበቀኝ። የሮቢት ሙቀት ከእህሉ አቧራ ጋር ተቀላቅሎ ያፍናል። ሴቶች በግራ፣ ወንዶች በቀኝ ተቀምጠዋል። በትርና ጩቤ በር ላይ እንዲቀር ታዟል፤ ሼህ ሙሄ ብቻ ስለ እርጅናቸው በትራቸውን ይዘው ገብተው ከፊት ወንበር ተሰጥቷቸዋል። ውስጥ ቦታ ያጣው ሕዝብ ከደጅ ሆኖ እንዲሰማ ላንድሮቨሩ ጣሪያ ላይ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል። እኔ ከአቡጀዲው ግርጌ በስተግራ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ማይክሮፎን ተሰጠኝ።

ሁሴን በቀኝ በኩል፣ ከፊት፣ እግሩን አጣጥፎ ተቀምጦ አየሁት። ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ነገሩ ባይኖር የምወደው ዓይነት ሰው።

የፊልሙ ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ። “ጓዶች፣ የዛሬው ፊልም ከበርቴ የሠርቶ አደሩን ላብ እንዴት እንደሚመጥ ያሳያል። በጥሞና ተከታተሉ።” ጄኔሬተሩ ተንደቀደቀ፤ መብራቱ ጠፋ፤ አቡጀዲው ላይ ማለቂያ የሌለው ሜዳ ተዘረጋ።

ሐዲድ እየዘረጉ ነበር። ሰው እንደ ጉንዳን ሆኖ እንጨቱን መሬት ላይ ይደረድራል፣ ብረቱን በላዩ ያጋድማል፣ በመዶሻ ይመታል። ባቡሩ ከኋላ እየተከተለ በዘረጉለት ልክ ይገባል።

“ይህን ሁሉ እንጨት መሬት ውስጥ ሊቀብሩት?” አለ አንዱ ከኋላ።

“በጣሊያን ጊዜ ጣርማ በርን ስንበሳ ድንጋይ ነበር የምንቀብረው” አሉ አንድ ሽማግሌ። “ከድንጋዩም ጋር ሰው።”

“ዝም በሉ፣ አስተርጓሚዋን እንስማ።”

ጭንቄ ያን ጊዜ ጀመረ። የሚናገሩት እንግሊዝኛ እኔ የማውቀው እንግሊዝኛ አይደለም። ቃሉን እንደ ጥርስ መፋቂያ በጉንጫቸው እያኘኩ ነው የሚተፉት። አንዱ ብዙ ተናገረ፤ እኔ “ነገ ዝናብ ሳይመጣ ወንዙን እንሻገር ይላል” አልኩ። ሌላው መለሰለት፤ “ይህን አልሰማሁትም” አልኩ።

“እንዴ፣ ያን ሁሉ ለፍልፎ?”

“አልሰማሁትም።”

“አንቺ ልጅ፣ ሰውዬው ድግስ ደገሰ፣ አንቺ በጉርሻ አሳለፍሽን” አለች አንዲት ሴት፤ መጋዘኑ በሳቅ ተናወጠ። የፊልሙ ሰውዬ ከማሽኑ ወደ እኔ መጥቶ በክርኑ ጎሸመኝና፣ “አሟይው እንጂ” አለኝ። አላሟላሁም። እየቆየ ግን ጆሮዬ ተከፈተ። ታሪኩን እየያዝኩት መጣሁ። አንድ ወጣት ወንድሙን የገደለበትን ሰው ከሠፈር ሠፈር እየፈለገ ነው። ፍለጋው ሐዲዱ ሥራ ላይ አድርሶታል፤ ሥራ ተቀጥሮ መዶሻ ይዟል። የሚፈልገው ሰው እዚያው አጠገቡ ብረት እየመታ ነው፤ አይተዋወቁም።

ይህን ስናገር የመጋዘኑ ሳቅ ቀስ በቀስ ሲጠፋ ይሰማኛል። ሰው ጨለማ ውስጥም ቢሆን ወደማን እንደሚያይ ይታወቃል።

በዚያው ጊዜ በሩ ተከፈተ። የቀኑ ብርሃን ሲገባ ሰው ሁሉ ዞረ። ይማም ነበር። ጎንበስ ብሎ በሴቶቹ በኩል አለፈና ሌላ ቦታ ስለሌለ መጥቶ እኔ እግር ሥር መሬት ላይ ተቀመጠ። በእሱና በሁሴን መካከል ከአቡጀዲው ፊት ያለው ባዶ ወለል ብቻ ቀረ። በሩ ተዘጋ።

“ቀጥይ” አለኝ በሹክሹክታ፤ ጉልበቴን መታ መታ አድርጎ።

ማስተርጎሙን ላቁም? ሕዝቡ ይጠይቃል። ሌላ ታሪክ ፈጥሬ ልንገራቸው? ፊት ለፊታቸው ያለው ምስል ይታያቸው የለ። ቀጠልኩ።

ሁለቱ ሰዎች በመጨረሻ የተገናኙት ድልድይ ላይ ነው። ድልድዩ ገና አላለቀም፤ ከሥሩ ገደል ነው። ባቡሩ ከሩቅ ያጨሳል። ወጣቱ ሽጉጡን መዘዘ። ገዳዩ መዶሻ ብቻ ነው የያዘው። ወጣቱ ሲናገር ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል በቃል፣ እንደ መጽሐፉ፣ ጥርት ብሎ ተሰማኝ።

ድምፄ ከደጅ ካለው ድምፅ ማጉያ ተመልሶ ጆሮዬን መታኝ። “ወንድሜን የገደልከው አንተ ነህ? ይለዋል።”

ያኛው ቀና ብሎ አየው።

“አዎ፣ እኔ ነኝ ይላል።”

ከአቡጀዲው በሚመለሰው ብርሃን ሁሴን ሲነሣ አየሁት። አልቸኮለም። ነጠላውን ከትከሻው ላይ አወረደ። እጁ ወደ ወገቡ ሄደ፤ በር ላይ ጩቤ ማስቀረቱን እንጃ። እግሬ ሥር ወንድሜም ተነሣ። አልሸሸም፤ ዝም ብሎ ቆመ። ገዳዩ በፊልሙ ሌላ ነገር ተናገረ፤ ሰማሁት፤ አፌ ግን ተለጉሞ ቀረ።

ያን ጊዜ ሼህ ሙሄ ከወንበራቸው ተነሡ።

እየተንገዳገዱ ወደ አቡጀዲው ሄደው መካከል ላይ ቆሙ። ድልድዩም፣ ሽጉጡም፣ ባቡሩም በነጭ ጥምጥማቸውና በጋቢያቸው ላይ አረፈ። በትራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ጎንበስ አሉና ወለሉ ላይ አጋደሙት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው፣ ወደ እነዚያ ባርኔጣ ወደ ደፉት ሰዎች አዙረው እጃቸውን ዘረጉ።

“በአላህ ይዣችኋለሁ፣ ቆዩ” አሏቸው።

የሚስቅ ሰው አልነበረም። በእኛ አገር አበጋር ደም ሊፈስ ሲል ካየ በትሩን መካከል ላይ ያጋድማል። በትሩን የተሻገረ አበጋሩን ራሱን እንደረገጠ ነው። የተጋደመውን በትር ማንሳት የሚችለው የተበደለው ወገን ብቻ ነው። ካነሳው ለዕርቅ እሺ አለ ማለት ነው። እስኪያነሳው ድረስ ከዚያ ቦታ የሚንቀሳቀስ ሰው የለም።

“አባት፣ ይቀመጡ፤ ፊልም ነው እኮ” አለ የፊልሙ ሰውዬ።

ሼህ ሙሄ አልዞሩም። “ልጄ ፋጡማ፣ ንገሪልኝ” አሉኝ። “ሽማግሌው ቆዩ ብሏል በያቸው። ነገራችሁን እንስማ በያቸው።”

“አባባ፣ አይሰሙም።”

“አንቺ ንገሪ። መስማት የእነሱ ፋንታ ነው።”

ማይክሮፎኑን አነሣሁ። በእንግሊዝኛ፣ ለግድግዳው፣ የተናገርኩት የመጀመሪያዬ ዓረፍተ ነገር ይኸው ነው። የግሡን ጊዜ እንዳልሳሳት ዓረፍተ ነገሩን ውስጤ አገላበጥኩት። “ሽማግሌው ቆዩ ይላሉ። ነገራችሁን መስማት ይፈልጋሉ” አልኳቸው። ወጣቱ ሽጉጡን እንደደገነ ነበር።

የፊልሙ ሰውዬ ተበሳጭቶ ማሽኑን አጠፋው። መጋዘኑ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። በዚያ ጨለማ የወንድሜን እጅ ፈልጌ ያዝኩ። ሌላ ትንፋሽ ከወዲያ በኩል ይሰማኛል። አንድ ሰው አንድ እርምጃ ቢራመድ የማን እግር እንደሆነ አውቅ ነበር። ማንም አልተራመደም። ከዚያ ሊቀመንበሩ “በሩን ክፈቱ” አለ፤ ብርሃን ገባ።

ሁሴን ከበትሩ ወዲያ ቆሟል። ወንድሜ ከበትሩ ወዲህ። ሼህ ሙሄ አሁንም ፊታቸው ወደ ባዶው አቡጀዲ ነው።

“አባባ፣ ምን እየጠበቁ ነው?” አለ ሁሴን።

“መልሳቸውን።”

“እነሱ አይመልሱልዎትም።”

“ታዲያ ማን ይመልስልኝ?” አሉ።

ሁሴን ወደ በሩ አልሄደም። አልተቀመጠምም። ሙቀቱ እየከበደ ሄደ። ሕፃናት ማልቀስ ጀመሩ፤ እናቶቻቸው ጡት አጎረሷቸው እንጂ የወጣ ሰው የለም። የፊልሙ ሰውዬ ሰዓቱን እያየ፣ “ይሄን ዱላ ከዚህ አንሱልኝና እንቀጥል” ብሎ ጎንበስ ሲል ሊቀመንበሩ ክንዱን ያዘው። ሊቀመንበሩ የእኛው አገር ልጅ ነበር፤ በስብሰባ ላይ አበጋርን አድኃሪ የሚለው እሱ ነው።

“ጓድ፣ ተወው” አለው።

“እንዴት ተወው? ፕሮግራም አለብኝ። ነገ ማጀቴ ከተማ ነኝ።”

“ማጀቴ የትም አይሄድም። በትሩን ከነካህ ግን አንተ እዚህ ትቀራለህ።”

ቀኑ እየዘቀዘቀ ነው። በበሩ የሚገባው ብርሃን ከወለሉ ወደ ግድግዳው ወጣ። በዚያ መሐል ሁሴን ወደ እኔ ዞረ። አይቶኝ አያውቅም፤ ማለቴ፣ ከደሙ በኋላ ፊቴን አይቶ አያውቅም።

“አንቺ የይማም እህት” አለ። “ያ ሰውዬ ‘እኔ ነኝ’ ካለ በኋላ ሌላም ተናግሯል። አልነገርሽንም።”

“ሳልነግራችሁ አባባ ተነሡ።”

“ሰምተሽዋል?”

“ሰምቼዋለሁ።”

“ምን አለ?”

“ ‘ስትመጣ እጠብቅህ ነበር። መደበቅ ታከተኝ’ ነው ያለው።”

ሁሴን አፈጠጠብኝ። “የሱ ቃል ነው፣ ወይስ ለወንድምሽ ያዋጣሽለት?”

“ወላሂ እሷ እንኳን ቃል አታዋጣም” አለች ያቺው የጉርሻዋ ሴትዮ ከኋላ። “ቀኑን ሙሉ አልሰማሁም እያለች አስርባን።”

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። የሁሴን ፊት ግን አልተፈታም። “የሱ ነው” አልኩት። “ወንድሜ የራሱ አፍ አለው።”

ይህን ያልኩት ወንድሜን ለማናገር ብዬ አልነበረም። እውነት ስለሆነ ብቻ ነው ያልኩት። ይማም ግን እጄን ለቀቀና አንድ እርምጃ ወደ በትሩ ቀረበ።

“ሁሴን” አለ። ያን ስም ከአፉ ስሰማ ከእስሩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። “ተራው የአሊ ነበር።”

ያልገባኝ መሰለኝ። አማርኛ እየሰማሁ ያልገባኝ ያን ቀን ነው።

“ጎህ ሲቀድ ውሃው ወደ እሱ መዞር ነበረበት። ሽንኩርቴ ሊደርቅብኝ ነው ብዬ ቦዩን ሳልደፍን ቀረሁ። ሊደፍን መጣ። የራሱን ውሃ ሊወስድ መጣ።” ቀና ብሎ አየው። “ለዳኛ ሌላ ነው ያልኩት። ሌባው እኔ ነበርኩ።”

በዚያች ደቂቃ ወንድሜ ያለቀለት መሰለኝ። እስካሁን ሁሴን የሚገድለው ወንድሙን የገደለ ሰው ነበር፤ አሁን ወንድሙን ገድሎ ስሙንም የሰረቀ ሰው ከፊቱ ቆሟል። የአንገቱ ሥር ሲነሣ ይታየኛል። እግሩ ከበትሩ አንድ ስንዝር ነው።

“ድገመው” አለ ሁሴን።

ይማም ደገመው።

“ከኋላ ያሉት አልሰሙህም።” ጣቱን ወደ እኔ እጅ ዘረጋ። “በዚያ ተናገር። ፍርድ ቤት ያልከውን አገር ሰምቶታል። ይሄንንም አገር ይስማው።”

“ማይክሮፎኑ የመንግሥት ንብረት ነው” አለ የፊልሙ ሰውዬ።

“ለሰፊው ሕዝብ አይደለም እንዴ የመጣው?” አለ ሊቀመንበሩ። “ስጪው ልጄ።”

ሰጠሁት። ወንድሜ አያያዙን አላወቀበትም፤ አፉ ላይ ለጠፈው። ድምፁ ከላንድሮቨሩ ጣሪያ ተነሥቶ መጋዘኑን ዞረ፣ ደጅ የቆመውን ሕዝብ አለፈ፣ ከደሴ የሚመጡት ከባድ መኪናዎች ወደሚቆሙበት አስፋልት ወጣ። “አሊ የውሃ ሌባ አልነበረም። ተራው የሱ ነበር። የሰረቅሁት እኔ ይማም ነኝ። አፉ በሉኝ።”

ውጭ ያለው ጫጫታ ቀጥ አለ። ሁሴን ያንን ጸጥታ እስኪጠግበው አዳመጠው። ከዚያ ጎንበስ አለና በትሩን አነሣ። ወደ ይማም አላየም፤ በሁለት እጁ ይዞ ለሼህ ሙሄ ሰጣቸውና ነጠላውን ፊቱ ላይ ጣል አድርጎ ወጣ። ሰው መንገድ ለቀቀለት።

“አልሃምዱሊላህ” አሉ ሼህ ሙሄ። ያኔ ነው ወደ እኛ የዞሩት።

የፊልሙ ሰውዬ ማሽኑ አጠገብ ቆሞ፣ “መጨረሻውን አታዩም?” አለ።

“አየነው እኮ” አለው ሊቀመንበሩ።

ዕርቁ በአንድ ቀን አላለቀም፤ ዱዓው፣ ካሣው፣ ሁለቱ ቤተሰብ ከአንድ ገበታ እስኪቆርስ ድረስ ከአንድ በጋ ወደሚቀጥለው ሄዷል። ዛሬ ሼህ ሙሄ የሉም፤ ሁሴንም ይማምም በየተራቸው አረፉ። መጋዘኑ ፈርሶ ሱቆች ተሠርተውበታል። እኔም ቋንቋ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ሮቢት ስሄድ በዚያ በኩል ሳልፍ የእህሉ አቧራ አሁንም አፍንጫዬን የሚሰነፍጠኝ ይመስለኛል። ያ ሙቀት፣ ያ የጄኔሬተር ድምፅ፣ “ዝም በሉ፣ አስተርጓሚዋን እንስማ” ያለው ማንነቱን የማላውቀው ሰው፣ ሁሉም ይናፍቀኛል።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ቀን ምን አተረፍሽ ብትሉኝ ሁለት ነገር አለኝ፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል። ያልሰማሁትን አልሰማሁም ማለቴን እስከዚያ ቀን ድረስ ፍርሃት ነው ብዬ አፍርበት ነበር። ሁሴን ቃሌን ያመነው በዚያው ምክንያት እንደሆነ ሳስብ ማፈሬን ተውኩ። ተማሪዎቼንም ያስተማርኳቸው ይህንኑ ነው። የሚከብደው ደግሞ ወንድሜ ነው። አጠገቡ ተቀምጬ ለስንት ምሽት አነበብኩለት፤ እሱ ውስጥ ያለውን አንድ ዓረፍተ ነገር ግን ከሁሴን ጋር እኩል፣ በዚያው ሰዓት ነው የሰማሁት። የበደለውን አወቅሁ፤ ያሳደገኝንም አልረሳሁም። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ጊዜ ወስዶብኛል። እናንተም እንዲህ ያለ የምትወዱት ሰው ካላችሁ ታውቁታላችሁ።

ሼህ ሙሄን በኋላ ጠይቄያቸው ነበር። “አባባ፣ ፊልም መሆኑን አላወቁም ነበር?”

ሳቁ። “ልጄ፣ ደም ሲመጣ አይቼ ተነሣሁ። ከየት በኩል እንደሚመጣ ለማጣራት ጊዜ አልነበረኝም።”

የዚያን ዕለት ከመጋዘኑ ስንወጣ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። እንደልማዳችን ወደ ቁልቋሉ መንገድ ልታጠፍ ስል ወንድሜ አልተከተለኝም። አስፋልቱን ይዞ፣ በከተማው መካከል፣ ቀስ ብሎ ሄደ። ሰው ያየዋል፤ እሱም ያያል። ከባድ መኪናዎቹ በሚቆሙበት ካለው ሻይ ቤት ስንደርስ “ሻይ ጠማኝ፣ ፋጤ” አለ።

በረንዳው ላይ ሁለት ወንበር ነበር። አንዱ ግድግዳውን ተደግፎ መንገዱን የሚያይ ነው። እሱን ለእኔ ሳበልኝ። ሌላውን ይዞ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ ተቀመጠና ሻዩን ማማሰል ጀመረ። ከኋላው ሰው ያልፋል፣ መኪና ያልፋል፣ እግር ይሰማል። አንድ ጊዜም አልዞረም።